የአሻንጉሊት አየር በአየር፦ ተፈላጊ የልጆች መጫወቻን ጠርጎ ገዝቶ በውድ መሸጥ

በሱቅ 30 ዶላር የተቆረጠለት አሻንጉሊት በአንድ ጠዋት ከመደርደሪያው ያልቅና ማታውኑ በኢንተርኔት 100፣ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተጠርቶበት ይወጣል። ሻጩ አላመረተውም፣ አልጠገነውም፣ ከሩቅ አገርም አላመጣውም። ቀድሞ ደርሶ ገዛው፣ በቃ። ገዢዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለልጇ ቃል የገባች እናት ናት። ይህ ንግድ በአሜሪካ ሲያከራክር ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በጃፓን፣ በቻይናና በአውሮፓም ያከራክራል። አንዱ ወገን ሕጋዊ ንግድ ነው፣ የፈለገ ይገዛል ያልፈለገ ይተዋል ሲል፣ ሌላው በልጅ ጉጉት ላይ መነገድ ነው ይላል።

ክርክሩን የሚያደናግረው የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ዋጋው ከልክ አለፈ የሚለው ቅሬታ አንድ ነገር ነው። ዕቃው የተገኘበት መንገድ ልክ አይደለም የሚለው ሌላ ነው። ገዢው እምቢ ማለት በማይችልበት ሰዓት ተያዘ የሚለውም ራሱን የቻለ ክስ ነው። እጥረቱን ማን ፈጠረው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም መቅደም ሲገባው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይነሳል። በእኔ እምነት ነውሩ ያለው በዋጋው መናር ሳይሆን መደርደሪያውን ባዶ በማድረጉ ላይ ነው። እንዲህም ሆኖ የተከላካዮቹ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። (ዓመተ ምሕረቶቹና ወራቱ ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሻንጉሊት በፊት የነበረ ክርክር

ገዝቶ መልሶ መሸጥ ነውር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው ለቤት ፍጆታ የሚደረገውን ልውውጥ ለትርፍ ብቻ ከሚደረገው ለይቶ ሁለተኛውን ነቅፏል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ነቀፋውን አለዘበው፤ ነጋዴ ለልፋቱ፣ ለማጓጓዙና ለተሸከመው ሥጋት ትርፍ ቢያገኝ አይኮነንም አለ። አንድ ነገር ግን ከለከለ። ሻጩ ዕቃውን በመልቀቁ የሚጎድልበት ነገር ካለ ያንን ዋጋው ላይ መጨመር ይችላል። ገዢው አጥብቆ ስለ ፈለገው ብቻ ግን መጨመር አይገባውም፤ የገዢው ችግር የሻጩ ንብረት አይደለምና። በዚህ ሚዛን ለገዛ ልጁ የገዛውን አሻንጉሊት ኋላ ላይ የሚለቅ አባትና ሃምሳ ካርቶን ደርድሮ የገና ዋዜማን የሚጠብቅ ሰው አንድ አይደሉም።

በእስልምና ሕግ ውስጥም ዕቃን ከገበያ ሰብስቦ ዋጋው እስኪንር መያዝ፣ ኢሕቲካር የሚባለው፣ የተወገዘ ነው። ሊቃውንቱ የተለያዩት በስፋቱ ላይ ነው። የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሃብ ሊቃውንት በአብዛኛው ክልከላውን በምግብ ላይ ሲወስኑት፣ የሐነፊው ሊቅ አቡ ዩሱፍ መያዙ ሕዝብን የሚጎዳ ማንኛውም ነገር በክልከላው ይጠቃለላል ብሏል። የዛሬው የአሻንጉሊት ክርክር ግማሹ ይኸው ነው። ክልከላው ለጉሮሮ ብቻ ነው ወይስ ጉዳት ባለበት ሁሉ?

የእንግሊዝ ሕግ ከዚህም የበለጠ ዝርዝር ነበር። በ1552 የወጣው ድንጋጌ ሦስት ጥፋቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። ዕቃ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛት አንዱ፣ በብዛት ገዝቶ ማከማቸት ሌላው ነው። የመጨረሻው ከገበያ ገዝቶ እዚያው ገበያ ወይም በአራት ማይል ክልል ውስጥ መልሶ መሸጥ ነው። ድንጋጌው በዋናነት የተጻፈው ለእህልና ለምግብ ሸቀጥ ቢሆንም ይህ የመጨረሻው ጥፋት ጠዋት ከሱቅ ጠርጎ ማታ እዚያው ከተማ የሚሸጠውን ሰው ልክ ይገልጸዋል። ሕጉ በ1772 ተሻረ። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ሰው ለእህል ሰብሳቢ ነጋዴ ያለውን ፍርሃት ከጠንቋይ ፍርሃት ጋር አመሳሰለው። ክርክሩ ጠንካራ ነው። አዝመራው መጥፎ በሆነበት ዓመት ነጋዴው ቀድሞ ዋጋ ቢያስወድድ ሕዝቡ ቆጥቦ ይበላል፣ እህሉም እስከሚቀጥለው አዝመራ ይደርሳል። ነጋዴው እህሉን ከጥጋብ ወር ወደ ረሃብ ወር አሻገረው ማለት ነው።

የአሻንጉሊት ነጋዴውስ ምን አሻገረ? ተከላካዮቹ ከኅዳር ወደ ታኅሣሥ አሻገረ ይላሉ፤ ዘግይቶ የነቃ ወላጅም ከፍሎ የማግኘት ዕድል አለው። እውነትነት አለው። ግን አሻንጉሊት ቆጥበው የሚበሉት ነገር አይደለም፤ ዋጋው ቀድሞ ስለ ናረ እስከ ገና የሚበቃ ክምችት አይፈጠርም። የስሚዝን መከላከያ እንዳለ አምጥቶ እዚህ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ከካቤጅ ፓች እስከ ቢኒ ቤቢ

ዘመናዊው የአሻንጉሊት ግርግር የሚጀምረው በ1983 ነው። ኮሌኮ የተባለው ኩባንያ ካቤጅ ፓች ኪድስ የሚባሉትን ጉንጫም የጨርቅ አሻንጉሊቶች በገፍ ማምረት ጀመረ። እያንዳንዷ አሻንጉሊት የራሷ ስምና የጉዲፈቻ ወረቀት ነበራት፤ ልጁ ዕቃ ሳይሆን ልጅ ተቀበለ ተብሎ ነበር የሚሸጠው። በዚያ ኅዳር በፔንስልቬንያ ዊልክስ ባሬ ከተማ በሚገኝ አንድ የዜይር ሱቅ ደጃፍ አንድ ሺህ ያህል ሰው ለሰዓታት ተሰልፎ ቆየ። በሩ ሲከፈት ግፊያው ገንፍሎ የአንዲት ሴት እግር ተሰበረ፣ ሥራ አስኪያጁም የቤዝቦል ዱላ ይዞ ሠራተኞቹን ለመከላከል ቆመ። በ25 እና በ30 ዶላር መካከል ይሸጥ የነበረው አሻንጉሊት ከእጅ ወደ እጅ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይዞር ጀመር።

በ1996 ተራው የቲክል ሚ ኤልሞ ሆነ። ሲኮረኩሩት የሚስቀው ይህ ቀይ አሻንጉሊት በ29 ዶላር ገደማ ገበያ ወጣ። ታዋቂ የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ ከታየ በኋላ ግን ከሱቆች ጠፋ። ያኔ የኢንተርኔት ገበያ ገና ዳዴ ይል ነበርና መልሶ ሻጮች በጋዜጣ ማስታወቂያ ነበር የሚጠሩት፤ በመቶዎች፣ አንዳንዶቹም ከሺህ ዶላር በላይ ይጠይቁ ነበር። በካናዳ ፍሬደሪክተን አንድ የሱቅ ሠራተኛ የአሻንጉሊቱን ሳጥን ይዞ በመታየቱ ብቻ በገዢዎች ተረግጦ ክፉኛ ተጎዳ።

ቢኒ ቤቢዎች ነገሩን ከሥሩ ቀየሩት። ታይ የተባለው ኩባንያ 5 ዶላር ገደማ የሚያወጡትን ትንንሽ እንስሳት ለትላልቅ መደብሮች ሳይሆን ለትንንሽ ሱቆች ብቻ፣ ያውም እየቆነጠረ ያከፋፍል ነበር። የተወሰኑትንም በየጊዜው «ጡረታ ወጡ» እያለ ማምረቱን ያቆም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ኢቤይ ከተባለው የኢንተርኔት ገበያ ሽያጭ 10 በመቶ ያህሉ ቢኒ ቤቢ ሆነ። በ1999 በላስ ቬጋስ ሲፋቱ የነበሩ ባልና ሚስት በዳኛ ትእዛዝ ችሎቱ ወለል ላይ ቁጭ ብለው ቢኒ ቤቢዎቻቸውን አንድ በአንድ ተካፈሉ። ብዙ ሳይቆይ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ለልጆቻቸው ትምህርት ይሆናል ብለው ያከማቹ ቤተሰቦች የገዙበትን እንኳ ሳያገኙ ቀሩ።

በኤልሞ ጊዜ መልሶ መሸጥ በአንድ የልጆች መጫወቻ ላይ የተጨመረ ነገር ነበር። በቢኒ ቤቢ ጊዜ ግን መልሶ መሸጡ ራሱ ዋና ዓላማ ሆነ፤ ብዙዎቹ እንስሳት አንድም ቀን ልጅ አልተጫወተባቸውም።

ነጋዴው ምን በደለ?

የተከላካዮቹ ወገን በአመዛኙ ከኢኮኖሚስቶችና ከነጻ ገበያ ፈላስፎች የተሰባሰበ ነው። አሜሪካዊው ዋልተር ብሎክ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝብ የሚጠላቸውን ሙያዎች አንድ በአንድ እያነሳ ሲከላከል የትኬት መልሶ ሻጩንም አንስቷል። ማት ዝዎሊንስኪ በ2008 ባወጣው ጥናት በአደጋ ጊዜ ዋጋ የሚያስወድድ ነጋዴ እንኳ ምንም ካላደረገው ሰው ይልቅ ለተቸገረው ይጠቅማል ሲል ሞግቷል። ምንም ያልሸጠ ሰው አይወቀስም፤ ታዲያ በውድም ቢሆን የሸጠው ለምን የበለጠ ይወቀሳል? ጄረሚ ስናይደር በ2009 የሰጠው መልስ ዋጋው ሲሰቀል ለኑሮ አስፈላጊ የሆነውን ዕቃ ድሃው ጨርሶ እንዳያገኝ ያደርገዋል የሚል ነው። ሁለቱ የተሟገቱት እንደ ውኃና ጄኔሬተር ባሉ ነገሮች ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሕጉም በብዙ አገር ከሻጩ ጎን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 ባሳለፈው ውሳኔ አንድ አሳታሚ መጽሐፉ ከ1 ዶላር በታች መልሶ እንዳይሸጥ ብሎ ያተመውን ማስጠንቀቂያ ዋጋ አሳጣው፤ ዕቃውን የገዛ ሰው በፈለገው ዋጋ ሊሸጠው ይችላል አለ። ያኔ የተከሰሰው ሱቅ ማሲስ ሲሆን ጥፋቱም በርካሽ መሸጡ ነበር። ዛሬ አሻንጉሊት በእጥፍ የሚሸጠውን ሰው የሚጠብቀው መርሕ ሸማቹን ከውድ ዋጋ ያዳነው ያው መርሕ ነው። አንዱን ጎን ቆርጦ ሌላውን ማስቀረት ቀላል የማይሆነውም ለዚህ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ያሉት ዋጋ ማናርን የሚከለክሉ ሕጎችም የሚሠሩት በአብዛኛው የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅና ለመሠረታዊ ፍላጎት ስለሆነ አሻንጉሊት ከእነዚህ ውጭ ነው።

በእኛ አገር አየር በአየር ሲወገዝ የሚታሰበው ስኳር፣ ዘይትና ሲሚንቶ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እጥረት ያለበትን ሸቀጥ ማከማቸትና መሰወር ይከለክላል፤ መንፈሱ ከላይ ካየናቸው የቆዩ ሕጎች ጋር የሚዛመድ ነው። አሻንጉሊት ያጣ ልጅ ግን አይራብም። ይህንን ልዩነት የሚያሳንስ ተቺ ክርክሩን ከመጀመሪያው ያበላሸዋል።

የተከላካዮቹ ጠንካራው ነጥብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ዕቃው ካነሰ በሆነ መንገድ መከፋፈል አለበት። በወረፋ ከሆነ ጊዜ ያለው ያገኛል፣ በገንዘብ ከሆነ ኪሱ የፈቀደለት ያገኛል። ወረፋ ለድሃ ይሻላል የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ወይም በመኪና ማቆሚያ ፈረቃ እየሠራ የሚያድር ሐበሻ ወላጅ ማክሰኞ ንጋት ላይ ከሱቅ ደጃፍ ሊቆም አይችልም። ለእሱ 20 ዶላር ጨምሮ መግዛት ከአንድ ፈረቃ ደመወዝ ይረክሳል። ጭማሪው 150 ሲሆን ግን ወረፋውም ገበያውም ተዘጉበት ማለት ነው።

ፊሊፕ ሌስሊና አለን ሶረንሰን በ2014 በኮንሰርት ትኬቶች ላይ ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል። መልሶ መሸጥ ትኬቱን አብልጠው ለሚፈልጉት በማድረስ ጥቅም ይፈጥራል፤ ከዚያ ጥቅም ጉልህ ክፍል ግን ትኬቱን ቀድሞ ለመንጠቅ በሚደረገው ሩጫና በልውውጡ ወጪ ይበላል። ጥናቱ አብልጦ መፈለግን የሚለካው ለመክፈል በመፍቀድ ነው። በአዋቂ ትኬት ላይ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። አሻንጉሊቱን የሚፈልገው ልጁ፣ ከፋዩ ግን ወላጁ በሆነበት ገበያ ውስጥ ግን የተለካው የልጁ ናፍቆት ሳይሆን የወላጁ ቦርሳ ነው።

ዕቃ ቤት የተገኘችው አሻንጉሊት

ሰው ስለዚህ ጉዳይ በእርግጥ ምን ያስባል? ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የመጣው ከአሻንጉሊት ነው። በ1986 ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ክነትሽና ሪቻርድ ቴለር በቶሮንቶና በቫንኩቨር ነዋሪዎችን በስልክ ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ። በአንድ ሱቅ ካቤጅ ፓች ካለቀች ወር ሆኗታል። ገና ሳምንት ሲቀረው አንዲት አሻንጉሊት ዕቃ ቤት ውስጥ ትገኛለች። ሥራ አስኪያጆቹ ብዙ ደንበኞች እንደሚፈልጓት ስለሚያውቁ በድምፅ ማጉያ ጠርተው ከሁሉ የበለጠ ለከፈለ እንሸጣለን ይላሉ። ከተጠየቁት 74 በመቶው ይህ ፍትሐዊ አይደለም አሉ። ለሌሎች ሰዎች ያው ጥያቄ ገቢው ለዩኒሴፍ ይሆናል ተብሎ ሲቀርብ ግን 79 በመቶው ተቀባይነት አለው አሉ።

ይህ ውጤት ብዙ ያስተምራል። በሁለቱም ታሪክ አሻንጉሊቷ የምትደርሰው ብዙ ለከፈለው ነው፤ ድሃው በሁለቱም አያገኛትም። የተለወጠው ትርፉ የሚገባበት ኪስ ብቻ ነው። እንግዲያው ሕዝቡን የሚያስቆጣው የዋጋው ከፍታ ራሱ ወይም ድሃው መገፋቱ ነው የሚለው ማብራሪያ አይበቃም፤ የሚያስቆጣው አንድ ሰው በአጋጣሚ እጁ ላይ በገባው እጥረት መጠቀሙ ነው። ነገሩን ከኢኮኖሚ አንጻር የሚያይ ሰው ይህን ስሜት ቅናት ይለው ይሆናል። እኔ ግን የአኩዊናስን ሐሳብ አየበታለሁ፤ የሰዎቹ ፍርድ የገዢው ናፍቆት የሻጩ ሀብት አይደለም እንደ ማለት ነው።

አምራቾችና ትልልቅ ሱቆች ዋጋ የማይጨምሩትም ለዚህ ነው። ለአንድ ገና 30 ዶላር የነበረውን 100 ቢያደርጉት ደንበኛው ለዓመታት ቂም ይይዛል። ስለዚህ የተለጠፈው ዋጋ ሰው ከሚከፍለው በታች ሆኖ ይቀራል፤ ልዩነቱንም ስም የሌለውና ቂም የማይያዝበት ሰው ይወስደዋል። መልሶ ሻጩ የሚያገኘው ትርፍ ሱቁ ለደንበኞቹ የተወላቸው ነው። ፈላስፋው ማይክል ሳንደል በ2012 ባሳተመው መጽሐፉ ወረፋን በገንዘብ መተካት ሁለት የተለያዩ ተቃውሞዎች እንደሚያስነሳ አሳይቷል። አንዱ ፍትሕ ነው፤ ሌላው ዕቃው የተሰጠበትን መንፈስ ማበላሸት ነው። ለልጆች በሚቻል ዋጋ ይድረስ ተብሎ የወጣ መጫወቻ የአክሲዮን ወረቀት ሲሆን ሁለተኛው ተቃውሞ በተለይ ይጠነክራል።

ቃል የተገባለት ልጅ

አሻንጉሊትን ከኮንሰርት ትኬትና ከስፖርት ጫማ የሚለየው ልጁ ነው። ትኬት ያጣ ወጣት በሚቀጥለው እገባለሁ ብሎ ይተወዋል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ስለ አቅርቦትና ፍላጎት አያውቅም፤ የሚያውቀው የተገባለትን ቃል ነው። ሳንታ ክሎስ ያመጣል ተብሎ ባደገበት ቤት ደግሞ አልተገኘም የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ሳንታ ዕቃ አያልቅበትምና። ስለዚህ ወላጁ በሕግ ነጻ ገዢ ቢሆንም በቃሉ ታስሮ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው። መልሶ ሻጩም ይህን ያውቃል። ዋጋው ከገና በፊት ባሉት ቀናት ጣሪያ የሚነካውና ቀኑ እንዳለፈ የሚወርደው በዚህ የተነሳ ነው። ገናን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 የሚያከብሩ ሐበሾች ስጦታውን እስከዚያ ቢያቆዩ በዋጋው ይጠቀሙ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቻቸው የሚውሉት ጓደኞቻቸው ስጦታቸውን ቀድመው በከፈቱበት ትምህርት ቤት ነው።

ፈላስፋው አለን ወርትሃይመር በ1996 ስለ ብዝበዛ በጻፈው መጽሐፍ ሁለቱም ወገን የሚጠቀሙበት ልውውጥ እንኳ ብዝበዛ ሊሆን እንደሚችል ተንትኗል። እናቲቱ ከፍላ ደስ ይላታል፤ ባትከፍል ይከፋት ነበር። ይህ ብቻውን ግን ዋጋው ፍትሐዊ መሆኑን አያረጋግጥም። በሌላ በኩል ቃሉን የገባችው እናት ናት፣ ሻጩ አይደለም። ልጅን እምቢታ ማስተማርም የወላጅ ድርሻ ነው የሚሉ ተከላካዮች አሉ፤ እውነት አላቸው። ሆኖም የወላጅ ድርሻ መኖሩ የሌላውን ድርሻ አያጠፋም።

እጥረቱን ማን ፈጠረው?

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ቻልዲኒ በ1984 በታተመው መጽሐፉ የአሻንጉሊት ንግድን ከውስጥ ከሚያውቅ ሰው የሰማውን ያስረዳል። ኩባንያው ከገና በፊት አንድ አሻንጉሊት በቴሌቪዥን አጥብቆ ያስተዋውቃል፤ ልጆች ይለምናሉ፣ ወላጆችም ቃል ይገባሉ። ከዚያ ሆን ብሎ ለሱቆች ጥቂት ብቻ ይልካል። ወላጅ ሌላ አሻንጉሊት ገዝቶ ገናን ያልፋል። በጥርና በየካቲት ማስታወቂያው ይመለሳል፣ ልጁም «ቃል ገብተህልኝ ነበር» ይላል፤ ወላጅ ዳግመኛ ይገዛል። ይህ የአንድ ሰው ምስክርነት እንጂ በሰነድ የተረጋገጠ አሠራር አይደለም።

በተቃራኒው የቆመው ማስረጃ የምርቱ አሠራር ነው። ሱቆች ለገና የሚሆነውን የሚያዝዙት ከወራት በፊት ነው። ዕቃው በብዛት ቻይና ውስጥ ተመርቶ በመርከብ ይመጣል። በጥቅምት አንድ አሻንጉሊት ድንገት ቢፈለግ ለታኅሣሥ ተጨማሪ ማድረስ ከባድ ነው። አብዝቶ ማምረትም ይገድላል፤ ካቤጅ ፓችን የሠራው ኮሌኮ ፍላጎቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በ1988 ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ደጅ ቆሟል። ሃቺማልስ የተባለው ከእንቁላል የሚፈለፈል አሻንጉሊት በ2016 ከሱቅ ሲጠፋ አምራቹ ስፒን ማስተር መልሶ ሻጮችን በይፋ ነቅፎ ተጨማሪ እንደሚያመርት አስታውቋል።

ስለዚህ ሁሉንም እጥረት ሴራ ማለት ስሕተት ነው። የቢኒ ቤቢው ዓይነት እየቆነጠሩ ማከፋፈል ግን ስልት ነበር። የመልሶ ሻጩ ገበያ ለዚህ ዓይነቱ አምራች ጠላት አይደለም፤ በነጻ የሚሠራ ማስታወቂያ ነው። አንድ የ5 ዶላር ድመት 100 ዶላር ተሸጠች የሚል ዜና ሌላውን ሰው ወደ ሱቁ ይነዳዋል። ታዲያ እጥረቱን እንደ ስልት የሚጠቀም ኩባንያ መልሶ ሻጭን ሲያወግዝ ውግዘቱን የሚያምነው ማን ነው? የበደሉ ትልቁ ድርሻ በዚህ ጊዜ የእሱ ነው እላለሁ።

ሰው ያልሆኑት ገዢዎች

በ2017 ፊንገርሊንግስ የተባሉት ጣት ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሽ ጦጣዎች በ15 ዶላር ወጥተው በብዙ እጥፍ መሸጥ ሲጀምሩ አዲስ ወቀሳ ተሰማ። የገዙት ሰዎች ሳይሆኑ ቦት የሚባሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ናቸው ተባለ፤ አንድ ወላጅ አድራሻውን ጽፎ ሳይጨርስ ቦቱ ያለውን ሁሉ ይጨርሰዋል። በትኬት ላይ ይህን የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ በ2016 መጨረሻ ጸድቆ ነበር። ሴናተር ቸክ ሹመርና ጓዶቻቸው ሕጉን ወደ አሻንጉሊትና ሌሎች ዕቃዎች የሚያሰፋ ረቂቅ በ2018 አቀረቡ። ረቂቁ በተለያዩ ዓመታት ቢመላለስም ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። የትኬቱ ሕግ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በ2021 ነው።

በቦት ጉዳይ የተከላካዮቹ ወገን ራሱ ይከፈላል። መልሶ መሸጥን የሚደግፍ ሰው ቦትን ሊቃወም ይችላል፤ ምክንያቱም ሱቁ ለአንድ ሰው ሁለት ብቻ ብሎ ያወጣውን ደንብ በሐሰተኛ ስም መጣስ ማታለል ነው። እዚህ ላይ በደሉ ዋጋው ውስጥ አይደለም፤ ዕቃው በ15 ዶላር ቢሸጥም ማታለሉ ማታለል ነው። የእንግሊዝን የድሮ ሕግ ያስታወሰ ሰው ደግሞ ቦቱ የሚሠራው ሁለት ሥራ እንደሆነ ያያል። እጥረቱን ራሱ ይፈጥራል፣ ከዚያም የፈጠረውን እጥረት ይሸጣል። መቶ ጦጣ ከመቶ ቤተሰብ ፊት አንሥቶ በዚያው ቀን ለእነዚያው መቶ ቤተሰቦች የሚያቀርብ ሰው ለገበያው የጨመረው ነገር የለም። ዋጋውን አቅርቦትና ፍላጎት ወሰነው የሚለው መልስም አያድነውም፤ አቅርቦቱን የያዘው እሱ ነውና።

አዋቂዎች በልጆች ገበያ

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ክርክሩን አወሳስበውታል፤ የአሻንጉሊት ገዢው ልጅ ነው የሚለው ግምት ራሱ ተናግቷልና። ሌጎን ብንወስድ፣ ቪክቶሪያ ዶብሪንስካያና ጁሊያ ኪሺሎቫ ባደረጉት ጥናት ማምረታቸው የቆመ የሌጎ ስብስቦች በድጋሚ ገበያ በአማካይ በዓመት 11 በመቶ ያህል ትርፍ አስገኝተዋል። ይህ ትርፍ የሚገኘው ሱቁ መሸጥ ካቆመ በኋላ፣ ዕቃውን ለዓመታት ጠብቆ ባቆየ ሰው ነው። ስብስቡ በሱቅ በነበረበት ወቅት የፈለገ መግዛት ይችል ነበር። እንዲህ ያለውን ሻጭ ከገና ዋዜማው ጠራጊ ጋር በአንድ ስም መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የፖክሞን ካርድ ግን ሁለቱንም ዓለም ይነካል። በግንቦት 2021 ታርጌት የተባለው የአሜሪካ መደብር፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በካርድ ምክንያት በተነሳ ጠብ ሽጉጥ ከተመዘዘ በኋላ፣ ካርዶቹን በሱቆቹ መሸጥ ለጊዜው አቆመ። በነሐሴ 2025 ማክዶናልድ ጃፓን ከልጆች ምግብ ጋር የፖክሞን ካርድ ሲያድል መልሶ ሻጮች ምግቡን በብዛት ገዝተው ካርዱን ወሰዱ፣ ምግቡን ጥለውት ሄዱ። ያልተነካ ሀምበርገርና ድንች የታጨቀባቸው ከረጢቶች መንገድ ላይ ተደርድረው የሚታዩባቸው ፎቶዎች ሕዝቡን አስቆጡ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ብዙ ልጆችም ካርዱን አጡ። መብቴ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ ላይ ይደክማል፤ ለሕፃን የተዘጋጀ ምግብ ለካርድ መጠቅለያ ብቻ ሲሆን ብክነቱ ራሱ ይከሳል።

ላቡቡ ደግሞ ሌላ ነው። ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ያደገው ሠዓሊ ካሲንግ ለንግ የፈጠረው ይህ ባለ ሹል ጥርስ ፍጡር በቻይናው ኩባንያ ፖፕ ማርት አማካይነት የሚሸጠው በተዘጋ ሳጥን ነው፤ ገዢው ከፍቶ እስኪያየው የትኛው እንደ ደረሰው አያውቅም። ዘፋኟ ሊሳ በ2024 ይዛው ከታየች ወዲህ ፍላጎቱ አገር አቋርጦ ሄደ። በግንቦት 2025 በብሪታንያ በገዢዎች መካከል ጠብ ስለ ተነሳ ኩባንያው በሱቆቹ መሸጡን አቆመ፤ በሰኔ ደግሞ ሰው የሚያክል አንድ ላቡቡ ቤጂንግ ውስጥ በጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን ወጣለት። አብዛኛው ገዢ ወጣትና አዋቂ ነው። አዋቂ ለአዋቂ በውድ ሸጠ የሚለው ነገር ብቻውን ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበው ዕጣ መሰሉ ሳጥን ነው፤ ቻይና በ2023 ባወጣችው መመሪያ እንዲህ ያለ ሳጥን ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሸጥ ከልክላለች።

የተሞከሩት መፍትሔዎች

ለአንድ ሰው ይህን ያህል ብሎ መገደብ ከሁሉ የተለመደው ነው፤ ዘመድ አስተባብሮ ወይም በብዙ ስም የሚመጣን ሰው ግን አይዘውም። ጃፓን ውስጥ ዕጣ ማውጣት ተስፋፍቷል። ዕጣ ጊዜንም ገንዘብንም አይጠይቅም፣ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ ግን ለጨዋታ የሚፈልገውንና ለንግድ የሚፈልገውን አይለይም። እዚያው አገር አንዳንድ ሱቆች ሳጥኑን ከፍተው ወይም ምልክት አድርገውበት ያስረክባሉ። ብልኃቱ ቀላል ነው፤ ለሚጫወት ልጅ የተከፈተ ሳጥን ምንም አይጎድልበትም፣ «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ብሎ ለሚሸጥ ግን ዋጋው ወርዷል። ይህ መንገድ ሊመሰገን ይገባል፤ ማንንም ሳይቀጣ ጠራጊውን ከልጁ ይለያልና።

ከሁሉ ፈጣን ውጤት ያሳየው ግን ማምረት ነው። ፖፕ ማርት በሰኔ 2025 ላቡቡን በብዛት መልሶ ገበያ ላይ ሲያወጣ የመልሶ ሻጮች ዋጋ በቀናት ውስጥ አሽቆለቆለ። የሻጩን ሥነ ምግባር ሳይነካ፣ ሕግም ሳያስፈልግ ትርፉ ተነነ። ይህ ለአምራቹ የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ዕቃው በየቦታው ሲገኝ ተፈላጊነቱ ይቀዘቅዛል፣ የተረፈውም መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ኮሌኮን ያስታወሰ ሥራ አስኪያጅ አብዝቶ ለማምረት ቢያመነታ አይፈረድበትም። አስቀድሞ ገንዘብ ተቀብሎ በትእዛዝ ልክ ማምረት መካከለኛ መንገድ ነው፤ ልጁ ዘግይቶም ቢሆን በተለጠፈው ዋጋ ያገኛል። ለገና ግን አይደርስም።

ገና ያልተቋጨው

ሁለት ነገር አሁንም ያከራክራል። አንዱ ልኩ የት ላይ ነው የሚለው ነው። ለልጇ አንድ፣ ለመሸጥ አንድ ብላ ሁለት የገዛች፣ በሁለተኛው ትርፍ የልጇን ስጦታ የሸፈነች እናት አለች። ቦት የሚያሰማራውም አለ። አንደኛዋ ከአንድ ቤተሰብ ፊት አንድ አሻንጉሊት አነሳች፤ ሌላው መደርደሪያውን ሙሉ። ልዩነቱ የመጠን ነው የሚሉ አሉ፤ በደሉ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፣ ክብደቱ ብቻ ይለያያል። እኔ የዓይነት ነው እላለሁ፤ ዋጋውን የመወሰን አቅም ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው። ችግሩ ሺህ እናቶች ሁለት ሁለት ሲገዙ መደርደሪያው ያው ባዶ መሆኑ ነው። አንዳቸውም ዋጋ አልወሰኑም፣ ዋጋው ግን ተወስኗል። ለዚህ ዓይነቱ በደል ማንን እንደምንወቅስ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም፤ ከላይ ከተጠቀሱት ጸሐፊዎችም መካከል ጥያቄውን በቀጥታ ያነሳው የለም።

ሌላው የገበያዎቹ ድርሻ ነው። የኢንተርኔት ገበያዎች ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን ይወስዳሉ፤ ዋጋው በናረ ቁጥር ድርሻቸውም ይጨምራል። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የእጅ ማጽጃን በብዙ እጥፍ የሚሸጡትን ከገበያቸው አስወግደዋል። ስለዚህ መቆጣጠር አንችልም አይሉም፤ ለአሻንጉሊት ይህን ማድረግ አይገባንም ነው የሚሉት። ማጽጃው ሕይወት ያድን ነበርና የሁለቱን ልዩነት አልክድም። ግን ከመልቀቂያው ቀን ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት በሱቅ እየተሸጠ ያለ የልጆች መጫወቻ ከተለጠፈው ዋጋ ይህን ያህል በላይ አይሸጥም ማለት፣ የቆየ ስብስብ የሚሸጠውን ሳይነኩ፣ የሚቻል ይመስለኛል።